የጨረራ ደኅንነት መሣሪያ ግዥ፦ ከፍላጎት ጥናት እስከ ምንጩ መመለስ

የጨረራ ደኅንነት መሣሪያ በሚል ስያሜ ሥር በሥራቸው እምብዛም የማይመሳሰሉ ዕቃዎች ይሰበሰባሉ። በኤክስሬይ ክፍል ሠራተኛ ደረት ላይ የሚሰካው ዶሲሜትር፣ ተቆጣጣሪ በእጁ ይዞት የሚዞረው ሰርቬይ ሜትር፣ በኬላ ላይ የጭነት መኪና የሚያልፍበት መፈተሻ፣ ራዲዮአክቲቭ ምንጭ የሚቀመጥበት የእርሳስ መያዣ፣ የራዲዮሎጂ ባለሙያ የሚለብሰው የእርሳስ ሽርጥ፣ የምግብና የአፈር ናሙና የሚመረመርበት ስፔክትሮሜትር ሁሉም የዚህ ወገን ናቸው። አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ቢኖር ገዥው የገዛውን ዕቃ በዓይኑ አይቶ ሊፈርድበት አለመቻሉ ነው። የማይሠራ ማቀዝቀዣ በማግሥቱ ይታወቃል፤ ልኩን በሩብ አሳንሶ የሚያሳይ ሰርቬይ ሜትር ግን ትክክለኛውን ከሚያሳየው በመልክም በድምፅም አይለይም። ስለዚህ በዚህ ዘርፍ ከዕቃው ይልቅ የሚገዛው ማረጋገጫው ነው። ማረጋገጫውም የሚገኘው ዕቃው ከመታዘዙ በፊት በሚጻፈው ሰነድ እንጂ ሣጥኑ ከተከፈተ በኋላ አይደለም።

ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው ኤጀንሲው በተቋቋመበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። የጨረራ ሥራ የራሱ ሕግና የራሱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ያገኘው ግን ብዙ ቆይቶ በአዋጅ ቁጥር 79/1986 ሲሆን፣ ይህ አዋጅ በ571/2000፣ እሱም በተራው በ1025/2009 ተተክቷል። የቁጥጥሩን ሥራ ዛሬ የያዘው የኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ነው። ተቆጣጣሪው በእነዚህ ዓመታት ስሙና አደረጃጀቱ ደጋግሞ ስለተለወጠ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ማኅደር ውስጥ ያሉ የቆዩ ፈቃዶች ዛሬ በሌለ መሥሪያ ቤት ማኅተም የታተሙ ናቸው። ገዥ መሥሪያ ቤት መጀመሪያ ማጣራት ያለበትም ይህንኑ፣ የያዘው ፈቃድ አሁን የሚሠራ መሆን አለመሆኑን ነው።

ተጠቃሚዎቹ ከሚታሰበው በላይ ብዙ ናቸው። በአዲስ አበባ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1997 በኮባልት-60 መሣሪያ የጨረር ሕክምና ጀምሮ ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ ማዕከል ሆኖ ቆይቷል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሊኒየር አክስለሬተር የተባለው በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሣሪያ እዚያም ሆነ እንደ ጅማ ባሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ገብቷል። በቃሊቲ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ2007 የተመረቀው ማዕከል ገንዲ የሚያስተላልፈውን የቆላ ዝንብ እያረባ ወንዶቹን በጨረር ያመክናል። በመንገድ ሥራ ላይ የአፈሩን መጠቅጠቅና እርጥበት የሚለካው ትንሽ ሣጥን በውስጡ ሲዝየም-137 እና አሜሪሺየም-241 ይዟል። የብየዳ ጥራት የሚፈትሹ ድርጅቶች ኢሪዲየም-192 ይጠቀማሉ። በየወረዳ ከተማው ያለው ኤክስሬይ ደግሞ ተቆጥሮ አያልቅም። ከእነዚህ ሁሉ ጋር የመለኪያውና የመከላከያው ዕቃ አብሮ መገዛት አለበት፤ በተግባር ግን ብዙውን ጊዜ የሚታወሰው ዋናው መሣሪያ ከገባና ተቆጣጣሪ ከመጣ በኋላ ነው።

የግዥው ቅደም ተከተል በሁለት ሕጎች መካከል ያልፋል። አንዱ የመንግሥት ግዥ ሕግ ነው፦ ለብዙ ዓመታት አዋጅ ቁጥር 649/2001፣ አሁን ደግሞ እሱን የተካው 1333/2016። ሌላው የጨረራ ሕግ ነው። የግዥ ሕጉ የሚጠይቀው ውድድርን፣ ግልጽነትን፣ ዋጋን ነው። የጨረራ ሕጉ ማን፣ ለምን፣ በምን ብቃት እንደሚይዘው ይጠይቃል፤ ራዲዮአክቲቭ ምንጭንም ሆነ ጨረር አመንጪ መሣሪያን ለማስገባት፣ ለመያዝና ለመጠቀም ፈቃድ ያስፈልጋል። ሁለቱ የሚጋጩት ግዥ ክፍሉ ጨረታውን ካሸነፈው አቅራቢ ጋር ውል ፈርሞ ሲያበቃ ፈቃዱ ገና ሲታሰብ ነው። ዕቃው ወደብ ይደርሳል፣ የመጋዘን ኪራይ ይቆጥራል፣ ምንጭ ያለበት ከሆነ ደግሞ አቅሙ በየቀኑ ይቀንሳል። የኮባልት-60 ግማሽ ዕድሜ 5.27 ዓመት ነው፤ በመጋዘን ሁለት ዓመት የተቀመጠ የኮባልት ምንጭ ሩብ ገደማ ኃይሉን ሳይሠራ ያጣል። ኢሪዲየም-192 በ74 ቀን ግማሹ ይጠፋል። ፈቃዱ ከጨረታው ማስታወቂያ በፊት መጠየቅ አለበት የሚባለው ለቢሮክራሲ ፍቅር አይደለም።

ኤጀንሲው ምንጮችን በአደገኛነታቸው ከ1 እስከ 5 ይመድባል። የካንሰር ሕክምና የኮባልት መሣሪያና እንደ ቃሊቲው ያለ ትልቅ የጨረር መስጫ ምድብ 1፣ የብየዳ መፈተሻ ምድብ 2፣ የመንገድ ሥራው ሣጥን ምድብ 4 ናቸው። ምድቡ የጥበቃውን፣ የማጓጓዣውንና የወረቀቱን ክብደት ይወስናል። በኤጀንሲው የገቢና ወጪ መመሪያ መሠረት ምድብ 1 ምንጭ ከአገር ከመውጣቱ በፊት የተቀባዩ አገር መንግሥት ስምምነት ያስፈልጋል፤ ለምድብ 1 እና 2 ደግሞ ከመላኩ በፊት ማሳወቅ ይጠበቃል።

የዚህ መመሪያ ክብደት ከኢትዮጵያ ይልቅ በጎረቤት ጎልቶ ይታያል። ሶማሌላንድ እ.ኤ.አ. በ1991 ነፃነቷን ብታውጅም ሰፊ ዓለም አቀፍ ዕውቅና ስላላገኘች በራሷ ስም የኤጀንሲው አባል አይደለችም። በሐርጌሳ፣ ማሕሙድ ሃይቤ በሚባለው የከተማዋ ክፍል ያለ አንድ ክሊኒክ ኤክስሬይ መሣሪያ ቢገዛ ከመሣሪያው ጋር የሚመጣ ራዲዮአክቲቭ ነገር የለም፤ ኤሌክትሪኩ ሲጠፋ ጨረሩም ይጠፋል፣ ሻጩም ያለ ብዙ ጥያቄ ይልካል። ያው ክሊኒክ የኮባልት ሕክምና መሣሪያ ቢያስብ ግን የትኛው መንግሥት ስምምነቱን እንደሚሰጥ ለሻጩ ግልጽ አይሆንም። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቦታ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን መምረጥ ከሕክምናው ጥራት በፊት በሕጋዊው መንገድ ይወሰናል። መለኪያና መከላከያ ዕቃ ግን እንዲህ ያለ እንቅፋት ስለሌለበት፣ ኤክስሬይ ገዝቶ ሰርቬይ ሜትር ላለመግዛት ይህን ሰበብ ማቅረብ አይቻልም።

ወደ መለኪያዎቹ ስንመጣ ስህተቱ የሚበዛው “የጨረራ መለኪያ፣ ብዛት 10” በሚል አንድ መስመር መጠየቅ ላይ ነው። ሁሉንም የሚለካ መለኪያ የለም። የጋይገር ቆጣሪ ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ብክለት ለመፈለግ ይመቻል። ነገር ግን ማካካሻ ካልተበጀለት ከ100 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት በታች ያለውን የኤክስሬይ ጨረር አብዝቶ ያነብባል፤ ጨረሩ እጅግ ሲበረታ ደግሞ አንዳንዱ ዓይነት ይደነዝዝና አሳንሶ ያሳያል። እንደ ሊኒየር አክስለሬተር በምት በምት ለሚመጣ ጨረር የተሻለው አዮናይዜሽን ቻምበር ነው። የአልፋ ቅንጣት ስስ መስኮት ያለው፣ ለምሳሌ የዚንክ ሰልፋይድ መፈተሻ ይፈልጋል፤ አልፋን አንድ ወረቀት ስለሚያግደው መስኮቱ የወፈረ መለኪያ ብክለት እያለ የለም ይላል። ከ10 ሜጋ ቮልት በላይ የሚሠራ አክስለሬተር ኒውትሮን ስለሚያመነጭ የኒውትሮን መለኪያ ለብቻው ይጠየቃል። የምንጩን ማንነት ማወቅ የሚፈልግ ሶዲየም አዮዳይድ ወይም ከዚያ የተሻለ የመለየት ኃይል ያለው ጀርማኒየም ያስፈልገዋል። ጀርማኒየሙ ግን በሥራ ላይ እያለ በፈሳሽ ናይትሮጅን ወይም በኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ መቀዝቀዝ አለበት፤ ናይትሮጅኑ በ196 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚገኝ ነው። በከተማው የማያቋርጥ የፈሳሽ ናይትሮጅን አቅራቢ መኖሩ ሳይረጋገጥ ጀርማኒየም መግዛት ውድ ጌጥ መግዛት ነው።

የመለኪያው ስፋት፣ ማለትም ከየት እስከ የት እንደሚያነብብ፣ በመስፈርቱ ውስጥ ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፤ ክብደቱን የሚያሳየው የቼርኖቤል የኑክሌር አደጋ ሌሊት ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1986 በኃይል ማመንጫው ሠራተኞች እጅ የነበሩት መለኪያዎች ጣሪያቸው በሰዓት 3.6 ሮንትገን ነበር። መርፌው ጣሪያውን ነካ፤ ቁጥሩም እውነተኛው ልክ ተደርጎ ወደ ላይ ተላለፈ። እውነቱ ግን በሺህዎች እጥፍ የሚበልጥባቸው ቦታዎች ነበሩ። ስለዚህ መስፈርቱ ከፍተኛውን ልክ ብቻ ሳይሆን መለኪያው ከልኩ ሲያልፍ ምን እንደሚያሳይ፣ ዝም ይላል ወይስ ይጮኻል የሚለውንም መጠየቅ አለበት። አሃዱም በሲቨርት ይሁን ብሎ መጻፍ ይገባል። በአንድ ክፍል ውስጥ አንዱ መለኪያ በሚሊ ሮንትገን፣ ሌላው በማይክሮ ሲቨርት ሲያሳይ ስህተቱ የሚሠራው በድንገተኛው ቀን ነው።

በደጋ አገር የሚገዛ ሰው ደግሞ ካታሎግ የማይነግረው ተጨማሪ ጉዳይ አለበት፤ እሱም ከፍታ ነው። ክፍት አየር የሚጠቀም አዮናይዜሽን ቻምበር የሚቆጥረው በውስጡ ባለው አየር ላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ቆጠራው ይቀንሳል። በባሕር ወለል የአየር ግፊት 101.3 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ግን ወደ 76 ይወርዳል። ስለዚህ በፋብሪካው ለባሕር ወለል የተስተካከለ ቻምበር አዲስ አበባ ላይ ያለ ማስተካከያ ሲነበብ ሩብ ያህል ያሳንሳል። ወደ 1,300 ሜትር ከፍታ ባላት ሐርጌሳ ላይ የሚያሳንሰው 15 በመቶ ገደማ ነው፤ በርበራ ወደብ ላይ ምንም። አንድ መሣሪያ ከበርበራ ተነሥቶ በሐርጌሳና በቶጎ ውጫሌ አድርጎ አዲስ አበባ ሲደርስ ሦስት የተለያዩ መልሶች ሊሰጥ ይችላል ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አየር የማያስገባ የታሸገ ቻምበር መጠየቅ፣ ወይም የግፊትና የሙቀት ማስተካከያ በራሱ የሚሠራ መለኪያ መግዛት፣ ወይም ባሮሜትርና ቴርሞሜትር አብሮ አዝዞ ሠራተኛውን ማሠልጠን። በሕክምና ልክ ላይ ይህ ማስተካከያ ሲረሳ የሚጎዳው ታካሚ ነው፤ ቻምበሩ የመሣሪያውን ጨረር አሳንሶ ካነበበ ሐኪሙ ጊዜውን ያረዝማልና።

ሙቀቱም የራሱ ድርሻ አለው። በሞቃቱ ወራት በርበራ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የሶዲየም አዮዳይድ ክሪስታል እርጥበት ይጠላል፤ ሙቀቱ በድንገት ሲለዋወጥም ሊሰነጠቅ ይችላል። በመስፈርቱ ላይ የሥራና የመጋዘን ሙቀት፣ አቧራና ውኃ የመቋቋም ደረጃ፣ የባትሪው ዓይነት ይጻፍ። በየገበያው በሚገኝ የድንጋይ ባትሪ የሚሠራ ሰርቬይ ሜትር የራሱ ልዩ ባትሪ ካለው ይልቅ በወረዳ ሆስፒታል ዕድሜው ይረዝማል።

የግል ዶሲሜትር ለየት ያለ ጉዳይ ነው፤ ዕቃ ከመሆኑ ይልቅ አገልግሎት ነው። ለሠራተኛ የተቀመጠው ገደብ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊ ሲቨርት ሲሆን በየትኛውም አንድ ዓመት ከ50 መብለጥ የለበትም፤ ለሕዝብ 1 ሚሊ ሲቨርት ነው። ይህን ለመከታተል የሚሰካው ባጅ፣ በሙቀት የሚነበበው ሊቲየም ፍሎራይድም ሆነ በብርሃን የሚነበበው አሉሚኒየም ኦክሳይድ፣ ያለ ማንበቢያው ምንም አይናገርም። ማንበቢያውን መግዛት፣ የሚያነብ ሠራተኛ መቅጠር፣ መዝገብ መያዝ ይጠይቃል። ጥቂት ሠራተኛ ላለው ሆስፒታል አገልግሎቱን ከሌላ ተቋም መግዛት የተሻለ ነው፤ ለብዙ ሺህ ሠራተኛ ግን በአገር ውስጥ ማንበቢያ ማቋቋም ያዋጣል። ወዲያው የሚያነብበው ኤሌክትሮኒክ ዶሲሜትር ለብየዳ መፈተሻ ሠራተኛና ለድንገተኛ ቡድን አስፈላጊ ነው እንጂ ባጁን አይተካም። በልብ ካቴተር ክፍል ለሚሠራ ሐኪም ደግሞ ከሽርጡ በላይ አንገት ላይ የሚውል ሁለተኛ ባጅ ይጨመር፤ የዓይን ሌንስ ገደብ ዛሬ በዓመት በአማካይ 20 ሚሊ ሲቨርት ብቻ ነው።

ከመከላከያ ልብሶች ሁሉ ተፈላጊው የእርሳስ ሽርጥ ነው፤ በጣም በስህተት የሚገዛውም እሱ ነው። ባለ 0.25፣ ባለ 0.35 እና ባለ 0.5 ሚሊ ሜትር የእርሳስ አቻ ሽርጦች የተሠሩት ለኤክስሬይ ክፍል ነው፤ እዚያም የተበተነውን ጨረር አብዛኛውን ይመልሳሉ። የኮባልት-60 ጨረርን በግማሽ ለመቀነስ ግን 12 ሚሊ ሜትር ያህል እርሳስ ያስፈልጋል፤ ባለ 0.5 ሽርጥ የሚያስቀረው ከመቶ ሦስት ገደማ ብቻ ነው። ለኮባልት ክፍል ሽርጥ የሚገዛ ተቋም ለሠራተኛው ክብደትና የውሸት ድፍረት እየገዛለት ነው። ሙሉ ሰውነት የሚሸፍነው ነጭ ልብስም ጋማን አያግድም፤ ሥራው አቧራና ፈሳሽ ቆዳ ላይ እንዳያርፍ ማድረግ ብቻ ነው። ለቤታ አመንጪዎች መጀመሪያ የሚቀርበው መከለያ ፕላስቲክ እንጂ እርሳስ አይደለም፤ ቤታ እርሳስ ላይ ሲቆም ኤክስሬይ ይወልዳልና። የፖታሲየም አዮዳይድ ኪኒንም በዚሁ መደዳ ይነሣል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ከፉኩሺማ የኑክሌር አደጋ በኋላ በብዙ አገር ሰው ሊገዛው ተጋፍቷል። ኪኒኑ የሚጠብቀው የእንቅርት ዕጢን ከራዲዮአክቲቭ አዮዲን ብቻ ነው፤ ከኮባልትም ከሲዝየምም አያድንም።

የኬላ መፈተሻዎች ከሁሉም ውድና ከሁሉም ይልቅ ብቻቸውን የማይረቡ ናቸው። መኪናው በመካከላቸው ሲያልፍ የሚጮኹት ትልልቅ የፕላስቲክ ሲንቲሌተሮች ጨረር መኖሩን እንጂ የምን መሆኑን በወጉ አይናገሩም። በፖታሲየም የበለጸገ ማዳበሪያም፣ የሴራሚክ ጭነትም፣ የኑክሌር ሕክምና ወስዶ የሚጓዝ መንገደኛም ያስጮኻቸዋል። በጋላፊ፣ በሞያሌ ወይም በቶጎ ውጫሌ እንዲህ ያለ መፈተሻ የሚተክል አገር ከእያንዳንዱ ጋር የምንጩን ማንነት የሚለይ የእጅ መሣሪያ፣ ሌሊትም ቀንም የሚደወልለት ባለሙያ፣ የተጠረጠረው መኪና የሚቆምበት ገለልተኛ ቦታ አብሮ ካልገዛና ካላዘጋጀ፣ የጉምሩክ ሠራተኛው ከሁለት ሳምንት የሐሰት ጩኸት በኋላ ድምፁን ያጠፋዋል። የብረት ማቅለጫ ፋብሪካዎች በር ላይ የሚተከለው ግን ከዚህ ቀለል ያለ ነው፤ ጥቅሙም ወዲያው ይታያል።

የጨረታ ሰነዱ እዚህ ላይ ይጻፋል። የመንግሥት ግዥ ሕግ የንግድ ስም ጠቅሶ መግዛትን ስለማይወድ፣ መጥቀስ ግድ ሲሆንም “ወይም ተመጣጣኝ” ስለሚያስጨምር፣ ጥራቱን የሚሸከሙት ደረጃዎች ናቸው። የዓለም አቀፉ ኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን ቁጥር 60846 ለሰርቬይ ሜትር፣ 61526 ለኤሌክትሮኒክ ዶሲሜትር፣ 62387 ለባጅ፣ 61331 ለሽርጥና መሰሎቹ፣ የአይሶ 2919 ለታሸጉ ምንጮች ይጠቀሳሉ። ደረጃውን መጥቀስ ብቻ ግን አይበቃም፤ ለዚያው ሞዴል በአይሶ 17025 ዕውቅና ባለው ቤተ ሙከራ የተሰጠ የፈተና ሪፖርት ይቅረብ ማለት ያስፈልጋል። ከእያንዳንዱ መለኪያ ጋር የመለያ ቁጥሩን የያዘ የካሊብሬሽን የምስክር ወረቀት ይምጣ። በየዓመቱ የሚደገመው ካሊብሬሽን የት እንደሚሠራ፣ መሣሪያው ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ ማን እንደሚከፍልና በምትኩ ምን እንደሚሠራበት ይጻፍ። አሥር መለኪያ ገዝቶ አሥሩንም በአንድ ወር ለካሊብሬሽን የሚልክ ተቋም ያን ወር ዕውር ይሆናል።

በሁለት ኤንቨሎፕ በሚካሄድ ጨረታ ቴክኒኩ መጀመሪያ ይገመገማል፤ ይህ ለእንዲህ ያለ ዕቃ ትክክለኛው መንገድ ነው። ክፉው ልማድ መስፈርቱ ልል ሆኖ ሁሉም “አልፏል” ከተባለ በኋላ በዝቅተኛ ዋጋ መወሰኑ ነው። ዋጋ ሲወዳደር የአምስት ወይም የአሥር ዓመት ካሊብሬሽን፣ መለዋወጫ፣ ሶፍትዌር ማደሻና ሥልጠና ተደምሮ መሆን ሲገባው፣ የሚወዳደረው የሣጥኑ ዋጋ ብቻ ነው። ከዚህ ላይ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ይጨመርበታል። የባንክ የክፍያ ሰነዱ (ኤልሲ) እስኪከፈት የዋጋው ጊዜ ያልፋል፣ አቅራቢው ሞዴሉን መሥራት ያቆማል፣ በምትኩ የሚያቀርበው “ተመጣጣኝ” ደግሞ በማንም አይፈተሽም። ገምጋሚ ኮሚቴው ውስጥ የሕክምና ፊዚክስ ወይም የጨረራ ደኅንነት ባለሙያ ከሌለ ይህን የሚያይ ሰው የለም። በኢትዮጵያ የመድኃኒት አቅርቦት አገልግሎት በኩል በማዕከል የሚገዛ የሕክምና ዕቃም ከዚህ አያመልጥም፤ መስፈርቱን የሚጽፈውና መሣሪያውን የሚጠቀመው በሁለት ከተማ ያሉ ሰዎች ናቸውና።

ማጓጓዝ ላይ ሕጉ ጥብቅ ስለሆነ ገዥው የሚመርጠው ብዙ የለም። ራዲዮአክቲቭ ዕቃ በአደገኛ ጭነት ሰባተኛ መደብ ይጓዛል፤ መያዣው፣ ምልክቱ፣ ወረቀቱ በዓለም አቀፍ ደንብ ተወስኗል። ገዥው የሚወስነው ጊዜውን ነው። የኑክሌር ሕክምና ክፍል ቴክኒሺየም የሚያልብበት የሞሊብዲነም-99 ግማሽ ዕድሜ 66 ሰዓት ነው። ሦስት ቀን በጉምሩክ የቆየ ጭነት ከግማሽ በታች ሆኖ ይወጣል፤ ዋጋው ግን ሙሉ ይከፈላል። ለእንዲህ ያለው ዕቃ የጉምሩክ ስምምነት ከግዥ ውሉ ጋር እኩል መፈረም አለበት።

ርክክብ ማለት ሣጥን ቆጥሮ መፈረም የሚመስላቸው ንብረት ክፍሎች ብዙ ናቸው። በዚህ ዘርፍ ርክክብ ልኬት ነው። ምንጭ ሲተካም ሆነ መሣሪያ ሲገባ ልኩን አንድ ባለሙያ ለክቶ ሁለተኛ ባለሙያ ራሱን ችሎ ካልደገመው መፈረም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1996 በኮስታ ሪካ ሳን ሆሴ አንድ ሆስፒታል አዲስ የኮባልት ምንጭ ሲተካ፣ በካሊብሬሽኑ ላይ 0.3 ደቂቃ እንደ 30 ሴኮንድ ተቆጠረ። የዚህች ስህተት ውጤት 115 ታካሚዎች ከሚገባቸው ከ50 እስከ 60 በመቶ የሚበልጥ ጨረር መቀበላቸው ነበር። የሁለተኛ ባለሙያ ክፍያ በውሉ ውስጥ ቢኖር ከጠቅላላው ዋጋ ጋር የሚነጻጸር ገንዘብ አልነበረም። ለሊኒየር አክስለሬተር ደግሞ ርክክቡ ከሕንፃው ይጀምራል፦ የክፍሉ ግድግዳ በሜትር የሚለካ ኮንክሪት ነው፣ የማቀዝቀዣ ውኃና የማይዋዥቅ ኃይል ያስፈልጋል። መሣሪያው ከክፍሉ ቀድሞ ሲደርስ የዋስትናው ዓመት በመጋዘን ያልቃል፤ ዋስትናው ከርክክብ ልኬቱ ቀን እንጂ ከመላኪያው ቀን አይቆጠርም የሚል አንቀጽ ለዚህ ይረዳል።

በልገሳ የሚመጣ መሣሪያ በምንም ከግዥ አይለይም። ፈቃዱ፣ መለዋወጫው፣ ሥልጠናው እኩል ያስፈልገዋል። ኤጀንሲው በቴክኒክ ትብብሩ ለአባል አገሮች ሲገዛ መስፈርቱን ከተቀባዩ ጋር ስለሚጽፍ ይህ ይሻላል፤ ከውጭ ሆስፒታል ምድር ቤት ተነሥቶ በበጎ ፈቃድ የሚላከው ግን ብዙውን ጊዜ ለላኪው የማስወገጃ ወጪ መቀነሻ ነው። አልቀበልም ማለትም ከገዥ መሥሪያ ቤት ሥልጣን አንዱ ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ፣ በተግባርም የሚረሳው፣ ምንጩ ሲያልቅ የት እንደሚሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በሜክሲኮዋ ሲዩዳድ ኽዋሬዝ አንድ ክሊኒክ ያገለገለ የኮባልት ሕክምና መሣሪያ ከአሜሪካ ገዛ። ማስገቢያ ፈቃድ አልነበረውም፤ መሣሪያውን የሚያሠራ ባለሙያም አልተገኘም። ስድስት ዓመት መጋዘን ተቀመጠ። በ1983 መጨረሻ ተፈትቶ ለቁራጭ ብረት ተሸጠ፤ በውስጡ የነበሩት 6,000 ያህል የኮባልት ቅንጣቶች በመንገድና በብረት ማቅለጫ ተበተኑ። የግንባታ ብረት ተመርቶባቸው እስከ አሜሪካ ተሸጠ። ነገሩ የታወቀው በጥር 1984 ብረቱን የጫነ መኪና በአጋጣሚ በሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ በኩል ሲያልፍ መፈተሻው ስለጮኸ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ በብራዚል ጎያኒያ ከተማ የተለቀቀ የሕክምና ክፍል ውስጥ የተረሳ የሲዝየም-137 ምንጭ አራት ሰው ገደለ፣ 249 ሰው ላይ ብክለት ተገኘ፣ ከ110,000 በላይ ሕዝብ መመርመር ነበረበት። ሁለቱም አደጋዎች የቴክኖሎጂ ጉድለት የለባቸውም፤ የባለቤትነትና የውል ጉድለት ናቸው።

መድኃኒቱ በግዥ ውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ ነው፦ አምራቹ ምንጩ ሲያልቅ ወይም አዲስ ሲተካ አሮጌውን መልሶ ይወስዳል፣ የመመለሻው ወጪም ዛሬ ተገምቶ በዋጋው ውስጥ ይገባል ወይም በተለየ ሒሳብ ይቀመጣል። አምራቹ ቢዘጋ ምን እንደሚደረግም ይጻፋል። ይህ አንቀጽ መጠየቅ ያለበት ሻጩ ገና ሽያጩን በሚፈልግበት ሰዓት ነው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ሲጠየቅ የሚመልስ አይገኝም። ሲዝየም-137 ከመቶ ዓመት በኋላም ከመጀመሪያ አቅሙ አሥር በመቶ ያህሉን ይዞ ይቆያል።